መስቀሉን ስሞ ሠሪውን መራቅ፦ በላስታ ምድር ስለ ማኅበራዊ ርቀት

ማኅበራዊ ርቀት የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ በሁለት የኅብረተሰብ ክፍሎች መካከል ያለውን የመቀራረብ ወይም የመራራቅ ደረጃ የሚያመለክት ሲሆን፣ የሚለካውም በክንድና በስንዝር ሳይሆን አንዱ ወገን ሌላውን ምን ያህል እንደ ራሱ ቆጥሮ ወደ ቤቱ፣ ወደ ማዕዱ፣ ወደ ዘመዱና ወደ መቃብሩ እንደሚያስገባው ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ በገባ ጊዜ ይኸው ስም ተራርቆ ለመቆም ስለተሰጠ ብዙ አንባቢ ሐረጉን ከበሽታ መከላከያ ጋር ያያይዘዋል፤ እዚህ የሚነሣው ግን ከዚያ እጅግ የቆየው፣ ጎን ለጎን የሚኖሩ፣ ከአንድ ገበያ የሚሸምቱና አንድ ደብር የሚሳለሙ ሰዎች የሚራራቁበት ርቀት ነው። የላስታ ምድር ይህን ጥያቄ ለማንሣት የተለየ ምክንያት ይሰጣል፤ ከዓለት ተፈልፍለው በወጡ አብያተ ክርስቲያናት የሚታወቅ፣ ክብሩ ሁሉ በእጅ ሥራ ላይ የቆመ አገር ሆኖ ሳለ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው ለብዙ ዘመን ከዳር አስቀምጦ ኖሯልና።

በጽንሰ ሐሳቡ ላይ በጥልቀት ካሰቡት መካከል ጀርመናዊው ፈላስፋ ጌኦርግ ዚመል ይገኝበታል። ዚመል እ.ኤ.አ. በ1908 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ስለ እንግዳ ሰው አጭር ክፍል ጽፎ ነበር፤ በዚያም እንግዳ ማለት መጥቶ የሚያልፍ መንገደኛ ሳይሆን መጥቶ የሚቆይ፣ በአካል ቅርብ ሆኖ ሳለ ከቡድኑ ሥር ስላልበቀለ ሩቅ ሆኖ የሚኖር ሰው መሆኑን ያስረዳል፤ የዚህ ሰው ዋና ምልክትም መሬት የሌለው መሆኑ ነው ይላል። ከዚመል ትምህርት የቀሰመው አሜሪካዊው ሮበርት ፓርክ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1924 ሲያብራራው፣ በሎስ አንጀለስ ያስተምር የነበረው ኤሞሪ ቦጋርደስ ደግሞ በማግሥቱ ዓመት ርቀትን በቁጥር የሚያሳይ መሰላል አዘጋጀ። የመሰላሉ የመጀመሪያ ደረጃ ጋብቻ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ የቅርብ ወዳጅነት፣ የሰፈር ጉርብትና፣ የሥራ ባልደረባነት፣ የአገር ዜግነትና የጎብኚነት ደረጃዎች ይከተሉና መጨረሻው ከአገር ጨርሶ ማራቅ ይሆናል። የመሰላሉ ግምት ግልጽ ነው፤ አንድን ሰው በጋብቻ የሚቀበል ከዚያ በታች ባሉት ደረጃዎች ሁሉ ይቀበለዋል።

ይህ ግምት በወሎ ምድር ሲፈተሽ አይጸናም። ወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በጋብቻ የሚዛመዱበት፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት የሚገኝበት አገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም በጋብቻ የተዛመዱት እነዚያው ሰዎች የአንዱን ከብት ሥጋ አብረው አይበሉም፤ ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም የታረደውን፣ ሙስሊሙ በቢስሚላሂ የታረደውን ብቻ ይበላልና። ስለዚህ ድግስ የደገሰ ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዶቹ የተለየ በግ ያዘጋጃል፤ በጉን የሚያርደው ሙስሊም ጎረቤት ነው፤ የሚሠራበት ድስትም ለብቻው ነው፤ ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። ሞት ሲመጣ ደግሞ ወሎ ቅሬ ብሎ የሚጠራው የቀብር ማኅበር አስከሬን ያነሣል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል፤ እያንዳንዱ በየሃይማኖቱ ሥርዓት ቢቀበርም ሸኚው ሁለቱም ወገን ነው። ቦጋርደስ ማዕድንም ሆነ ቀብርን በመሰላሉ ውስጥ አላስገባቸውም፤ ለኢትዮጵያ ደጋ ሰው ግን ከእነዚህ ሁለቱ የሚበልጥ የቅርበት ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

በዚህ በሥጋ ጉዳይ ላይ የሚታየው ርቀት ልብ ሊባል የሚገባው ባሕርይ አለው። ርቀቱ ተነግሮ የታወቀ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑበት ሃይማኖታዊ ሕግ ነው፤ ወጪውን የሚሸከመው ጋባዡ ነው፤ ያልበላውም ሰው በአለመብላቱ አይናቅም። ሁለት ድስት የሚጣደው ሁሉም እንግዳ እንዲቀመጥ ተብሎ ነው። ከዚህ ጋር የእጅ ባለሙያውን ሁኔታ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው የላስታን ገበሬ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ብዙዎቹም በአርባና በሰማንያ ቀናቸው እንደ ገበሬው ልጅ ተጠምቀዋል፣ ያንኑ ጾም ይጾማሉ፣ በዚያው ስም የታረደውን ሥጋ ይበላሉ። በእነርሱና በገበሬው መካከል የሃይማኖት ድንበር በሌለበት ቦታ የቆመው ርቀት በሃይማኖት ሊገለጽ አይችልም፤ ይሁን እንጂ ክርስቲያንና ሙስሊም ከሚራራቁበት ይልቅ የጠነከረ ሆኖ ኖሯል።

የላሊበላ ገበያ የሚውለው ቅዳሜ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ምጣዷን፣ ጀበናዋንና እንስራዋን ተሸክማ መጥታ በገለባ ደልድላ ታስቀምጣለች፤ ገዢዋ ምጣዱን አንሥታ በጣቷ አንጓ ታንኳኳዋለች፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ ደህና ነው፣ ከታፈነ የተሰነጠቀ ነው። ዋጋ ተከራክራ የገዛችውን ምጣድ ቤቷ ወስዳ በጎመን ዘር አሟሽታ እንጀራዋን ትጋግርበታለች፤ ቤተሰቡ በየቀኑ የሚበላው እንጀራ የሸክላ ሠሪዋ እጅ በዳሰሰው ጭቃ ላይ የበሰለ ነው። ቀጥቃጩም ወናፉን እያስነፋ፣ ብረቱን በጉጠት ይዞ በመስፉ ላይ እየቀጠቀጠ የሚሠራው ማረሻ የገበሬውን መሬት ይገምሳል፤ ማጭዱ አዝመራውን ያጭዳል፤ መጥረቢያው የቤቱን ማገር ይጠርባል። በሥራና በገበያ ከዚህ የቀረበ ሰው የለም። ይሁንና ያቺው ገዢ ሕፃን ታቅፋ ከሆነ ከሸክላ ሠሪዋ ፊት ስትደርስ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈን ማድረጓ፣ ገበሬውም ማረሻውን አስልቶ ሲመለስ የቀጥቃጩን ልጅ ለልጁ ማጨት በሐሳቡ አለመምጣቱ ትውልድ ሲያወርሰው የኖረ ልማድ ነው።

የዚህ ርቀት መጠሪያው የቡዳ እምነት ነው። በእምነቱ መሠረት የእጅ ባለሙያ በዓይኑ ሰውን የመብላት ኃይል አለው፤ ሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል፤ ያማረ ልጅ፣ የሚታለብ ላም፣ ደስ ያለው ሙሽራ በእርሱ ዓይን ይያዛል። እንግሊዛዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሜሪ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ንጽሕናና አደጋ በጻፈችው መጽሐፍ፣ ኅብረተሰብ አደገኛ ብሎ የሚፈራው ብዙ ጊዜ በተሠራው ሥርዓት ውስጥ ቦታው በግልጽ ያልተለየለትን ነገር ወይም ሰው መሆኑን አሳይታለች። የላስታ ባለሙያ በዚህ ሐሳብ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በርስት ሥርዓት ማለትም ከአንድ አቅኚ አባት በመወለድ በሚገኝ የመሬት መብት ላይ በቆመ ኅብረተሰብ ውስጥ ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ ርስት አልነበረውም፤ ያለ እርሱ ግን ባለርስቱ ሊያርስ አይችልም። መሬት ሳይኖረው የመሬትን ፍሬ የሚወስን ሰው ነበር። ኃይሉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ኃይሉ ግን ማዕረግ አልተሰጠውም፤ ማዕረግ ያልተሰጠው ኃይል በሌላ መንገድ፣ በሌሊትና በጅብ ስም ሲነገር ኖረ። ዚመል መሬት የለሹን ነባር እንግዳ ሲገልጽ ላስታን አላየም፤ የገለጸው ሰው ግን እዚህም ነበረ።

እምነቱ ያደረሰውን ጉዳት ማቃለል አይገባም። ሕፃን ሲታመም ጥርጣሬ በአንዲት ሸክላ ሠሪ ላይ ሲያርፍ የምትጎዳው ሴቲቱ ብቻ አይደለችም፤ ተበላ እንጂ የሚታከም በሽታ የለበትም ተብሎ ሲታሰብ ሕፃኑም ከሐኪም ይዘገያል። በየትውልዱ የነበሩ ብልህ እጆች፣ ብረትን ማቅለጥና ሸክላን መተኮስ የሚያውቁ ቤተሰቦች፣ እውቀታቸውን እንደ ነውር ደብቀው ለልጆቻቸው ብቻ ሲያወርሱ መኖራቸውም የአገር ኪሣራ ነው።

ከዚህ ላይ የላሊበላ ታሪክ ራሱ ይነሣል። ትውፊቱ እንደሚለው ቀድሞ ሮሃ ትባል የነበረችው ከተማ የተሠራችው ለዳግማዊት ኢየሩሳሌምነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1187 ኢየሩሳሌም በሳላሐዲን እጅ ስትገባና መንገዱ ሲከብድ፣ ምእመናን በረሃ እያቋረጡ እንዳያልቁ ንጉሥ ላሊበላ ጎልጎታንና ደብረ ዘይትን፣ ዮርዳኖስንም ጭምር ወደ ላስታ አመጣላቸው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ዓይን ሲታዩ የርቀት ታሪክ ናቸው፤ የወራት መንገድ የነበረውን ርቀት ከቤተ ማርያም ግቢ እስከ ቤተ ጊዮርጊስ ባለው የእግር መንገድ አሳጥረውታል። እንግዲህ ሃይማኖታዊው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ነው፤ ከኢየሩሳሌም ጋር የነበረውን ርቀት ያቀለለ ምድር ከደጃፉ ካለው ቀጥቃጭ ጋር ያለውን ርቀት ለምን አቆየው?

ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተጻፈው ገድለ ላሊበላ ለዚህ ጥያቄ ያልተጠበቀ ምስክር ይሰጣል። ገድሉ ስለ ሥራው ሲተርክ ንጉሡ ለመፈልፈልና ለመጥረብ የሚሆኑ ልዩ ልዩ የብረት መሣሪያዎችን በብዛት እንዳሠራ፣ ሠራተኞችን ሰብስቦ ደመወዝ እንደ ቆረጠላቸው፣ ቦታውንም በጉልበት መውሰድ ሲችል ከባለቤቶቹ በወርቅ እንደ ገዛው ይናገራል። መላእክትም ከሠራተኞቹ ጋር አብረው እንደ ሠሩ፣ ሰዎቹ ቀን የፈለፈሉትን ሌሊት እንደ ጨመሩበት ይተርካል። በዚህ አተራረክ ውስጥ የእጅ ሥራ ለመላእክት የሚያንስ ነገር አይደለም፤ መልአክ ወርዶ ከጠራቢው ጎን ይቆማል፣ ጠራቢው የጀመረውን ይቀጥላል። በየመንገዱ የሚነገረው አፈ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ለመላእክት ይሰጥና የሰውን እጅ ያጠፋዋል። ይህ ለእግዚአብሔር ክብርን የጨመረ ይመስላል፤ በተግባር ግን ድንጋዩን የፈለፈለውንና ከሁሉ በፊት መፈልፈያውን በእሳት ያወጣውን ቀጥቃጭ ከምስጋናው ውጭ ለማድረግ የተመቸ አነጋገር ሆኗል። ገድሉ ይህን አላደረገም፤ ለሠራተኛው ደመወዝ ለብረቱም ቦታ ሰጥቷል።

መጽሐፍ ቅዱስን ብቻ ይዞ የእጅ ባለሙያን ለመናቅ የሚሞክር ሰውም ብዙ አይሄድም። በኦሪት ዘፍጥረት ብረትና ናስ የሚሠራው ቱባልቃይን ከቃየል ዘር መሆኑን የሚጠቅስ ቢኖር፣ በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት ይሠራ ዘንድ መንፈሱን እንደ ሞላበት ያነባል። የጌታ አሳዳጊ ዮሴፍ ጠራቢ ነበረ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ አደረ። የላስታ ካህናት እነዚህን ንባባት በቃላቸው ያውቋቸዋል፣ ይተረጉሟቸዋልም። ስለዚህ ርቀቱ ከትምህርት ጉድለት አልመጣም፤ ትምህርቱና ልማዱ በአንድ ሰው ውስጥ ሳይጋጩ ጎን ለጎን መኖር በመቻላቸው የመጣ ነው።

ይህን አብሮ መኖር ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው የቆዳ ሥራ ነው። ብራና የሚያዘጋጀው ሰው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በእንጨት ጠርዝ ወጥሮ፣ ሥጋውንና ጠጉሩን በስለት እየፋቀ፣ በድንጋይ እያለሰለሰ ነጭና ስስ እስኪሆን ይደክምበታል፤ በዚያ ላይ ዳዊትና ወንጌል ይጻፋል። ይህን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ጸሐፊው ራሱ ወይም ተማሪው ነው፤ ክብሩም የሊቅ ክብር ነው። ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ሰው ያንኑ ዓይነት ቆዳ በውኃ ዘፍዝፎ፣ ጠጉሩን ፍቆ፣ በቅጠልና በልፋት አልፍቶ አቁማዳ፣ ጠፍርና ኮርቻ ይሠራል፤ የእርሱ ስም ግን ስድብ ነው። ሽታው አንድ ነው፤ ፍቀቱ አንድ ነው፤ የእንስሳው ሞትም አንድ ነው። ርቀቱ ከቁሱ ርኩሰት የመነጨ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም በነካ ነበር። መስቀሉም እንዲሁ ነው። በላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የሚገኘው አፍሮ አይገባ የተባለው ታላቅ መስቀል ብረታ ብረትን በእሳት ለውጦ ቅርጽ መስጠት የሚያውቅ እጅ ውጤት ነው፤ ምእመን ተሰልፎ ይስመዋል፣ ድውይ ይታሽበታል። ሕዝቡ የሠሪውን ሥራ በከንፈሩ ነክቶ ሠሪውን በዓይኑ ሲፈራ ኖሯል።

ሆኖም ሃይማኖት ራሱ የርቀት ሥርዓት ስለሆነ ርቀትን ሁሉ በአንድነት መኮነን የሚያስኬድ አይደለም። ቤተ መቅደስ በሦስት ተከፍሎ የተሠራው ለዚህ ነው፤ በቅኔ ማሕሌት ይዘመራል፣ በቅድስት ምእመናን ይቆርባሉ፣ ወደ መቅደስ ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ይገባሉ። ያልጾመ ሰው ቁርባን አይቀርብም፤ ራሱን ብቁ ያላደረገ ከደጀ ሰላም ቆሞ ያስቀድሳል፤ በላሊበላም ቤተ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡበትም። በሰሜን ምዕራብ በጣና ሐይቅ በዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ያጠናው ቶም ቦይልስተን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ሕይወት በመከልከልና በመጠበቅ ዙሪያ እንደሚሽከረከር፣ ወደ ቅዱሱ መቅረብ የሚቻለውም ራስን በመከልከል መሆኑን አስረድቷል። ይህ ትክክለኛ አስተያየት ነው፤ ጥያቄውንም ያከብደዋል። ሃይማኖቱ ራሱ ርቀትን የሚያስተምር ከሆነ በገበያው ያለውን ርቀት በምን ይነቅፈዋል?

መልሱ ያለው ርቀቱ በማን ላይ እንደሚጫንና የሚያልቅበት ጊዜ መኖር አለመኖሩ ላይ ይመስላል። ከደጀ ሰላም የሚቆመው ሰው የሚያርቀው ራሱን ነው፤ ዛሬ ባለመጾሙ ቢርቅ ነገ ጾሞ ይቀርባል፤ ንስሐ ገብቶ፣ ከባልንጀራው ታርቆ፣ ቀኖናውን ፈጽሞ ከሚያርቀው ነገር ይወጣል። ርቀቱ የተሠራው እንዲሻገሩት ነው። ሕግ ሆኖ በአንዳንዶች ላይ ብቻ የሚያርፈውም፣ ለምሳሌ ስለ መቅደስና ስለ ቤተ ጎልጎታ የተነገረው፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት የሚነገርና የሚጠየቅ ምክንያት ያለው ነው፤ ምክንያቱን የሚቀበልም የማይቀበልም ሰው ከመምህራን ጋር ሊነጋገርበት ይችላል። የቀጥቃጩ ርቀት ግን በራሱ የተመረጠ አይደለም፤ በጾም አይቀርም፣ በንስሐ አይሰረዝም፣ ሙያውን ቢተወው እንኳ አይለቀውም፤ ምክንያቱም በሥራው ሳይሆን በአጥንቱ እንዳለ ይታሰባል። አጥንት በላስታ አነጋገር የዘር ግንድ ነው፤ ጨዋ አጥንት ያለው ማለት ከባለርስት ወገን የተወለደ ማለት ነው። ክርስትና ከጥምቀት በኋላ የሚጸና የአጥንት ልዩነት እንደሌለ ያስተምራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓይነት ርቀት ከእምነቱ የሚወጣ ሲሆን ሁለተኛው እምነቱን የሚቃረን ነው። ሁለቱ በአንድ መንደር ስለሚኖሩ ብቻ አንዱ በሌላው ስም ሲነግድ ቆይቷል፤ የንጽሕና ቋንቋ ከመቅደስ ወጥቶ በገበያ ለንቀት አገልግሏል።

የተናቀው ወገንም ራሱ ርቀት ይሠራል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነትም አለበት። በጎንደርና በሰሜን ተራሮች ይኖሩ የነበሩት፣ በብረትና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ሲገናኙ ላለመነካት ይጠነቀቁ፣ ከተነኩም በውኃ ይነጹ ነበር። ርቀቱ የሁለት ወገን አጥር ነበር ማለት ነው፤ ለእነርሱም ሃይማኖታቸውን ያቆየላቸው ያ አጥር ነው። ነገር ግን ሁለቱ አጥሮች ዋጋቸው እኩል አልነበረም። አንዱ ወገን ሌላውን ሲያርቅ መሬቱም ፍርዱም በእጁ ነበር፤ ሌላው ሲርቅ በእጁ የነበረው የራሱ ሥርዓት ብቻ ነበር። አጥር ሁሉ ነቀፌታ አይገባውም፤ የሚነቀፈው ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው መኖሪያውንም የሚያጣበት ሲሆን ነው። ጋብቻም በበኩሉ ያለ ርቀት አይቆምም፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚቆጠር ዝምድና በላስታ ጋብቻን ያስቀራልና እጅግ የቀረበም አይጋባም። ሽማግሌዎች ትውልድ ሲቆጥሩ የሚፈልጉት ሩቅ የሆነ ግን እንግዳ ያልሆነ ሰው ነው።

የዛጉዌ ነገሥታት ታሪክም በዚህ ረገድ ሊታሰብበት ይገባል። ክብረ ነገሥት ከእስራኤል ወገን ያልሆኑ ብሎ ያስቀመጣቸው ከአገው የወጡት እነዚህ ነገሥታት እ.ኤ.አ. እስከ 1270 ድረስ ገዝተው ሥልጣናቸውን ለሌላ ሥርወ መንግሥት ለቀዋል። በዘር ሚዛን የተገፉ ሆነው ሳለ ቤተ ክርስቲያን ይምርሐነ ክርስቶስን፣ ላሊበላንና ነአኵቶ ለአብን ቅዱሳን ብላ ታከብራቸዋለች፤ በአጥንት የተከለከሉትን ክብር በቅድስና ሰጥታቸዋለች። የላስታ ሰው የሚኮራባቸው ቅዱሳን በኋላ ዘመን የአጥንት ጥያቄ የተጠየቀባቸው መሆናቸው ለላስታ ሰው ቀላል ነገር መሆን የለበትም።

መንግሥት ነገሩን በሕግ ለመንካት ሞክሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለው የሚሳደበውን እንደሚቀጡ አስታወቁ። ከዚያ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ፤ በገበሬ ማኅበር የተመዘገበ ሁሉ መሬት የማግኘት መብት ስላገኘ፣ ለዚመል እንግዳ መለያ የሆነው የመሬት አልባነት መሠረት በሕግ ተናደ። የሁለቱ ሕጎች ውጤት የተለያየ ነው። የምኒልክ አዋጅ ምላስን ለመግታት ነበር የወጣው፤ የመሬቱ ሕግ ግን የኑሮውን መሠረት ነካ፣ ስለዚህም የበለጠ ሠራ። ሁለቱም ያልደረሱበት ቦታ ግን ጋብቻ ነው። እዚህ ላይ ቃልና ተግባር ይለያያሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ላፒየር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር በአገሩ ሲዘዋወር 251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ጎብኝተው የከለከላቸው አንድ ብቻ ነበር፤ በኋላ በደብዳቤ ሲጠየቁ ግን ከመለሱት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቻይናውያንን አናስተናግድም አሉ። በቃል የራቀው በተግባር ቀርቦ ተገኘ። በላስታ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዛሬ ሰው ሁሉ እኩል መሆኑን በአፉ የማይመሰክር የለም፤ የልጁ ጋብቻ ሲመጣ ግን ተግባሩ ወደ ኋላ ይመለሳል።

በከተማው የተስፋፋው የብየዳ ሥራ ይህን በግልጽ ያሳያል። በላሊበላ መንገድ ዳር በር፣ መስኮትና የአልጋ ብረት የሚበይደው ወጣት ከብረትና ከእሳት ጋር ሲታገል ይውላል፤ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የተማረ የገበሬ ልጅ ከሆነ ሰው አይፈራውም፣ ዓይኑም አይጠረጠርም። የሚፈራው ብረቱ፣ እሳቱ ወይም ሙያው ቢሆን ኖሮ በእርሱም ላይ በወረደ ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ ሌላ ከተማ ሄዶ ያንኑ የብየዳ ሥራ ሲሠራ ርቀቱ ከእርሱ ላይ ይነሣል፤ እጮኛ ሲያገኝና ሽማግሌ ሲልክ ግን ከወዴት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይይዘዋል። የቀረው ርቀት እንግዲህ በዚያች የሽማግሌዎች ውይይት ውስጥ ተጠብቆ የሚኖር ነው፤ ከዚያ ውጭ ያሉት ቦታዎች ቀስ በቀስ ለቀውታል።

ላስታ ርቀትን በአደባባይ የምትሽርበት ቀንም አላት። ለገና በዓል ምእመናን ከዋግ፣ ከራያና ከሌላም አገር በእግራቸው ተጉዘው ሲገቡ የከተማው ሰው የመጡትን ተሳላሚዎች እግር ያጥባል፤ ሲያጥብ የማን ወገን ናችሁ ብሎ አይጠይቅም። በበዓሉ ዕለትም ካህናቱ ከፊሎቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዓለት ጠርዝ በማሜ ጋራ ላይ፣ ከፊሎቹ ከታች ቆመው ቤዛ ኵሉ ሲዘምሩ፣ ላዩ የመላእክት ታቹ የእረኞች ምሳሌ ነው። ከፍታው አለ፣ ዝማሬው ግን ከላይ ወደ ታች ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል። በየሳምንቱም በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ ምእመናን በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳቸው እንዲሳለሙ ሲያዝ እያንዳንዱ በግራና በቀኙ ለቆመው ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ከጎኑ የቆመው ቀጥቃጭ ቢሆንም ይሰግድለታል። ያች ሰዓት በቤተ ክርስቲያን ሕግ የታዘዘች እንጂ በሰው ፈቃድ የተተወች አይደለችም፤ ይህም ሥርዓቱ ራሱ ርቀቱን የሚሻገርበት መንገድ እንዳለው ያሳያል።

መንገዱ እስከ ጋብቻው ሸንጎ እንዲደርስ የሚያስችል ሰውም አለ፤ እርሱም የንስሐ አባት ነው። በላስታ ደጋ እያንዳንዱ ቤት የንስሐ አባት አለው፤ ቤት ይባርካል፣ ጾም ያስጠብቃል፣ ኑዛዜ ይሰማል፣ ሽማግሌዎች ስለ ጋብቻ ሲቀመጡም ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀመጣል። ጋብቻን የሚከለክሉትን ነገሮች በቀኖና የተማረው እርሱ ነው፤ የሥጋ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር፣ በክርስትና ልጅነት የመጣ መንፈሳዊ ዝምድና ሲጠየቅ፣ የሃይማኖት አንድነት ሲመረመር ቃሉ የሚሰማው የእርሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ከእነዚህ አልፈው የልጁ አባት ወናፍ ያስነፋ እንደነበር ሲያነሡ፣ ቀኖናው ከሚቆጥራቸው መሰናክሎች ውስጥ ይህ እንደሌለ በዚያ ሸንጎ ላይ ለመናገር ሥልጣኑም ግዴታውም ያለው እርሱ ነው።